ስም ዝርዝሩ ከመግቢያው ዓመት ይጀምር

ግልጽ ደብዳቤ

ለየዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ኮሚቴዎች በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመገናኛ ዝግጅቶች ላይ የሚጠሩ ሰዎችን ስም ዝርዝር ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለወቀሳ አይደለም። ከሥራና ከልጅ በተረፈች ጊዜ፣ በራሳችሁ የስልክ ሒሳብ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የተጠፋፋ ጓደኛ እያፈላለጋችሁ ነው። በዚህ ከተማ ሰው መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚያደክም ዕድር የመራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፤ ሌላው መዋጮውን በመጨረሻው ቀን ማታ ያስገባል፤ ሌላው ደግሞ ሳይከፍል ሁለት እንግዳ አስከትሎ ይመጣል። ይህን ሁሉ ችላችሁ ስላገናኛችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን እንደሚጠራ የምትወስኑበት መንገድ ይለወጥ።

ዛሬ መነሻችሁ የምረቃ መጽሔት ነው። ፎቶው እዚያ ላይ ያለ ሰው ይጠራል፤ የሌለ አይጠራም። አሠራሩ ለኮሚቴ ይመቻል። ዝርዝሩ የታወቀ ነው፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። እኔ ግን ዝርዝሩ የገባንበትን ዓመትና የተኛንበትን ዶርም ይዞ ይነሣ እላለሁ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

በ1983 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ከገቡት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ማትሪክ አልፈን ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰብን ልጆች ነበርን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስም የሚያጠና አልነበረም፤ የይርጋለሙ፣ የደሴው፣ የአሰላው፣ የፍቼው እየተባባልን ነበር የምንጠራራው። ሌሊት ከአንበሳ ግቢ የሚመጣው ግሣት የአዲስ አበባን ልጆች አያስደነግጣቸውም ነበር። እኛን ግን ከአልጋ ያስነሣን ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ የተከናነበው ማን ነው በሚለው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ጣሊያን በገነተ ልዑል ግቢ የሠራው ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲቆም ታስቦ የተሠራ፣ ኋላ ግን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ ያለበት። እዚያ ላይ ተደርድረን ፎቶ ተነሣን። ፎቶ አንሺው የሚያስከፍለው ለአንዳችን ኪስ ስለሚከብድ ገንዘብ አዋጥተን ያሳተምነው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከእኛ ዶርም ሁለት ልጆች ነጥባቸው አልሞላም። ክሊራንስ አስፈርመው፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ አስረክበው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱ። አንዱ የፍቼው ልጅ ነበር። የቀረነውም ብዙ አልሰነበትንም። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተላከ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ወጣ፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ማሠልጠኛው ተበተነ። ብዙው ወደ ደቡብ አቅንቶ ኬንያ ገባ፤ ሌላው በእግርም በጭነት መኪናም ወደ የቤተሰቡ ተመለሰ፤ ወሬው እስከ ዛሬ ያልተሰማም አለ። ትምህርት እንደገና ሲከፈት የተገኘው ተገኘ። በታኅሣሥ 1985 ደግሞ በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ የተጠራው የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ተበተነ፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ጊዜ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። እንግዲህ በአንድ ቀን ከተመዘገብነው ልጆች ከፊላችን በ1987፣ ከፊላችን በ1988 ጋዋን ለበስን። የቀረው ናይሮቢ ከርሞ ከዚያ ወዲያ የትም ተበተነ።

አሁን የምረቃ መጽሔቱን ይዛችሁ ስትጠሩን፣ ከእነዚህ ሁሉ ማንን እንደምትጠሩ ተመልከቱት።

በቅርቡ መሐል ከተማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰብነው የ1987 ተመራቂዎች ነበርን። ደስ አይልም ነበር ብል እዋሻለሁ። ፀጉር ሄዷል፣ ሆድ መጥቷል፤ መነጽር ያላደረገው ሰው ደረት ላይ የተለጠፈ ስም ለማንበብ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል። በሩ ላይ አንዲት ሴት አቅፋ ሳመችኝና ገና ማን እንደሆነች ሳልለይ የስታቲስቲክስ መጽሐፏን ጠየቀችኝ። ወስጄባት ነበር ትላለች፤ እኔ አሁንም አላመንኩም። እንዲህ ዓይነቱ ወግ እስከ ምሳ ድረስ ቢቀጥል ምንኛ በወደድኩ።

ነገር ግን ፕሮግራም ነበረን። ራስን ማስተዋወቅ የሚለው ክፍል ተጀመረና ማይክሮፎኑ ከሰው ወደ ሰው ይዞር ጀመር፤ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ አሁን ያሉበት የሥራ ኃላፊነት። ጨዋታውን ያበላሸው ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘለግ አድርጎ ተናገረ። ከቶሮንቶ የመጣው ስለ ኩባንያው አስረዳ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነው ጓደኛችን ግን «ያው መምህር ነኝ» ብሎ ማይክሮፎኑን እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ አቀበለ። ይህ ሰው ፈተና ሲደርስ ዶርማችን ውስጥ ሎጂክ የሚያስረዳን ልጅ ነበር፤ ዘለግ አድርጎ ከተናገሩት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ከኤፍ ያወጣቸው እሱ ነው። ይህን ለመናገር ግን ፕሮግራሙ ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ የሕሊና ጸሎት ሆነና ሁላችንም ቆምን። የመድረክ መሪው በሞት የተለዩንን ጓደኞች ስም ከወረቀት ላይ አነበበ። ጨርሶ ልንቀመጥ ስንል ከኋላ አንዲት ሴት የአንድ ልጅ ስም ጠራች። ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ብላቴ ከተበተነ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ቀጥሎ ከግድግዳው በኩል ሌላ ሰው ሌላ ስም ጠራ። ከዚያ ሌላ። የአባት ስም የጠፋባቸው «የጎሬው»፣ «የነገሌው»፣ «ያ ክራር ይመታ የነበረው» እያሉ ጠሩ። አንዳንዱ ስም ሲጠራ «እሱስ አለ፣ አውስትራሊያ ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ አዳራሹ በእንባና በሳቅ መሐል ይሆናል። አስተናጋጆቹ ምሳውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። የመድረክ መሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሰዓት ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከተደረገው ሁሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ስልክ ተደዋውለው የሚያወሩት ይህን በፕሮግራም ያልተያዘ ክፍል ነው። የተጠሩት ደግሞ አብዛኞቹ የእናንተ ዝርዝር የማያውቃቸው ናቸው።

የፍቼውን ልጅ ያገኘሁት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ለመኪናዬ የፊት መብራት ፍለጋ ሶማሌ ተራ ገብቼ ከሱቅ ሱቅ ስዞር አንዱ ባለሱቅ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ስሜን ከነአባቴ ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣ፣ ከዚያ የዶርማችንን ስምንት ልጆች በየአልጋቸው፣ ከታች ማን ከላይ ማን እንደሚተኛ ቆጠረልኝ። እኔ ሁለቱን ረስቻቸው ነበር። እሱ ከግቢ ከወጣ በኋላ ፍቼ ላይ በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ተልኳል፤ ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ነው ቤቱ የገባው። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተላላኪ ሆነ፤ ዛሬ ሱቁ የራሱ ነው። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ያ አዋጥተን ያሳተምነው ነው። ዕጣ ሲወጣ ለእሱ ደርሶት ኖሯል፤ በውትድርናውም ጊዜ እናቱ ጋ ተቀምጦ ቆይቷል።

ስለ መገናኛው ዝግጅት ስነግረው «እኔማ አልተመረቅሁም» አለኝ፤ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ ሰው የማይመለከተውን የስብሰባ ጥሪ እንደሚመልስ። ያን ዕለት ማታ ለኮሚቴያችን ደውዬ ስሙን እንዲያስገቡልኝ ጠየቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ትሕትና አልጎደለውም፤ ዝርዝሩ የተመራቂዎች መሆኑን፣ ለአንድ ሰው ከተከፈተ ለሁሉም መከፈቱ እንደማይቀር ገለጹልኝ። ልክ ናቸው። እኔም የምጠይቀው ለሁሉም እንዲከፈት ነው።

ነገሩ የእኛ ዓመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከኮሚቴያችን ጋር በስልክ እንጨርሰው ነበር። በአገራችን ግን አንድ ላይ ገብቶ አንድ ላይ የወጣ ባች ፈልጉ ብትባሉ ብዙ አታገኙም። በ1967 እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ብለው የገቡት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብለው ተመለሱ፤ ከዘመቻው ቀጥሎ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ። የእነዚያ ሰዎች የምረቃ መጽሔት የትኛው ነው? በሚያዝያ 1993 ስድስት ኪሎ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙው ታሰረ፣ ኬንያ የተሰደደውም ጥቂት አልነበረም። በ2012 ኮሮና የሁሉንም ግቢ በር ዘጋ፤ ወዲያው ጦርነቱ መቀሌ፣ አክሱምና ዓዲግራት ይማሩ የነበሩትን በተናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ኮሚቴ የሚያቋቁሙበት ጊዜ ግን ይመጣል፤ ዝርዝሩን ዛሬ ቢጀምሩት ይቀላቸዋል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ነግሬው «የተባረረን ሰው ለምን ታሳፍረዋለህ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በውጤት ምክንያት ከግቢ የወጣ ሰው ይህን ለልጆቹ ሳይነግር ኖሮ ይሆናል፤ በቴሌግራም ግሩፕ ስሙን ለጥፎ «ይህን ሰው የምታውቁ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በአደባባይ አይጠራ፤ አብሮት የተኛ ሰው ለብቻው ይደውልለት። አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። እስካሁን ግን የሚያሳፍረው ጥሪው ሳይሆን መድረኩ ነው። ማይክሮፎን ጨብጦ ዲፓርትመንትና የሥራ ኃላፊነት እንዲናገር የሚገደድ ከሆነ የፍቼው ልጅ ቀርቶ መምህሩም ሁለተኛ አይመጣም። ይህን ክፍል ሰርዙት። በምትኩ ሰው በዶርሙ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ያለውን ይጠይቀው፤ የሥራውን ነገር መናገር የሚፈልግ መናገሩ አይቀርም፣ ማንስ ያቆመዋል!

ለየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራርም የምለው አለኝ፤ ለዚህ ነው ግልባጩ እንዲደርሳቸው የፈለግሁት። የገባ ተማሪ ሁሉ ቅጽ ሞልቶ፣ ፎቶ አያይዞ ነው የተመዘገበው። ስለዚህ የመግቢያው ዝርዝር ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ይገኛል እንጂ ከሌላ ከየትም አይገኝም። የማንንም ግሬድ አንጠይቅም፤ ማን መቼ ለምን ወጣ የሚለውም አያስፈልገንም። በዚህ ዓመት የገቡት እነማን ናቸው የሚለው ብቻ ይበቃናል። ዝርዝሩን አሳልፎ መስጠት የማይቻል ከሆነም ኮሚቴው ራሱ ያሰባሰበውን ስም ይዞ ሲመጣ የጎደለውን የሚያመላክት አንድ ሠራተኛ ይመደብልን። የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የተሞላ ወረቀት በዕርጥበትና በአይጥ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ኮምፒውተር ቢገባ ደግሞ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለታሪክ ጸሐፊም ይጠቅማል።

ማፈላለጉን በሚመለከት ከእኛ ልምድ ጥቂት ልንገራችሁ። ሴቶቻችን ሲያገቡ ስማቸውን ስለማይለውጡ እነሱን ማግኘት ይቀላል ብለን ነበር፤ እውነትም አገር ውስጥ ያሉትን ቶሎ አገኘናቸው። ውጭ ያለው ግን ወንድም ሴትም አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ስም ይዞ በማኅበራዊ ሚዲያ መዞር ብዙ ጊዜ ይፈጃል። የትውልድ ከተማውን ይዞ መነሣት ይሻላል። የይርጋለሙን ልጅ ያገኘነው ይርጋለም ያለች የታላቅ እኅቱን ጎረቤት በማግኘት ነው፤ ለዚያውም እዚያ ደብዳቤ ያደርስልን የነበረ ሰው በሕይወት በመኖሩ። እናት ያለችበት ቤት ስልኩ ቢለወጥም ሠፈሩ ያውቀዋል። እናቶች ደግሞ እያለፉ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለከርሞ አትበሉት።

ስለ ገንዘቡም ሳልናገር አላልፍም። የሆቴል አዳራሽ፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ ኬክ፣ ቪዲዮ፤ ተደምሮ የሚመጣው መዋጮ ለአንድ መምህር የወር አስቤዛ ነው። ከእኛ ዓመት «ሥራ ስለበዛብኝ» ብለው ከቀሩት ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ ሥራ እንደበዛባቸው መገመት አያቅትም። ቲሸርቱ ይቅር። ዓመት የተጻፈበት ቲሸርት በሃምሳ ዓመት ሰው ሆድ ላይ ሲለጠጥ ቁጥሩም አይነበብም። መዋጮው ስምና መጠን በማይጻፍበት ፖስታ ይሰብሰብ፤ የተሳካለት ይጨምራል፣ ያነሰው ባዶ ፖስታም ቢያስገባ የሚያውቅበት የለም። ቦታውም ሆቴል ብቻ መሆን የለበትም። የካቲት 12 ሐውልት ዘንድ ተቃጥሮ፣ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ግቢውን መዞር፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማየት ይቻላል። ተማሪ ሳለን ደጁ ላይ ስንቀመጥ ኖረን አንድ ቀን እንኳ ያልገባን ሞልተናል።

እንዲያውም ከሆቴሉ ስንወጣ ጥቂቶቻችን በእግራችን ወደ ላይ ወጥተን ነበር። ፒያሳ ስንደርስ ከዋሽንግተን የመጣው ጓደኛችን ማዘጋጃ ቤቱን አይቶ ነው አቅጣጫ የያዘው። በ2016 ለኮሪደር ልማቱ በፈረሱት ቤቶች ውስጥ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ለሁለት የምንካፈልበት ነበር፤ እሱ የዓድዋ ድል መታሰቢያን እያደነቀ ያንን ቤት በዓይኑ ይፈልጋል። ስለ ማፍረሱ የራሴ አስተያየት አለኝ፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ያን ዕለት ያስገረመኝ ሌላ ነው። ቤቱ የት ላይ እንደነበር አራታችን ቆመን አራት ቦታ ጠቆምን። ሶማሌ ተራ ደወልኩ። የፍቼው ልጅ የቤቱን በር፣ አጠገቡ የነበረውን ልብስ ሰፊና የባለቤቷን ስም ሳይቀር ነገረን፤ ጓደኛችን ስልኩን ከእጄ ነጥቆ እዚያው አስፋልቱ ዳር ሲያወራው ቆየ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለአምስት ወር ተደራራቢ አልጋ ተካፍለዋል፤ ከየካቲት 1983 ወዲህ ግን ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስለ አዳራሽ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ባዶ ወረቀት አውጡ። የዶርማችሁን ቁጥር ከላይ ጻፉ፤ ከሥሩ በየአልጋው የተኙትን ስም ሙሉ። የተመረቀ ያልተመረቀ ብላችሁ አትለዩ። አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። ለእኛው ኮሚቴ የፍቼውን ልጅ ስልክ ፈቃዱን ጠይቄ ይዤላችኋለሁ፤ ፎቶውንም አሳትሞ ለሁላችን እንደሚያመጣ ነግሮኛል። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሱቅ አይዘጋም፣ ዝግጅቱ እሑድ ይሁን ብሏል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የ1983 ገቢ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለየዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳይ ክፍል